የመንገዱ የመጨረሻ አንድ ሜትር

1ኛ ቅዳሜ

ዛሬ መንገዳችንን መጠገን ጀመርን። መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ ሁለት መንደር ያገናኛል። አራት ኪሎ ሜትሩ ያረጀ አስፋልት ነው፤ የቀረው ጠጠር። ወርዱ ደህና በሆነበት 5 ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ጠርዙ በተበላበት ደግሞ ከ5 ሜትር በታች ይወርዳል። የእግረኛ መሄጃ የለውም፣ መብራት የለውም፣ የብስክሌት መስመርማ ጨርሶ አይታሰብም። መኪና አይበዛበትም፤ የሚያልፈው ግን ይበርራል። ተማሪዎች በብስክሌት ይመላለሱበታል፣ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ገና ሳይነጋ ይነዱበታል፣ እኛም ሰባት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እንነዳበታለን። መንገዱን እንወደዋለን። ለዚህ ነው የተነሣነው።

ዛሬ አካፋ አላነሣንም። ብስክሌቶቻችንን እየገፋን በእግር ሄድን። በብስክሌት ሆነህ የማታየውን በእግር ስትሄድ ታየዋለህ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ላይ ስስ ጭቃ ተኝቷል፤ ጭቃው ላይ ደግሞ ቀድሞን ያለፈ የአንድ ብስክሌት ጎማ አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተከተልነው። ዳሩን ይዞ በቀጥታ ይመጣና ድንገት ወደ መሀል እጥፍ ይላል፣ ሦስት አራት ሜትር በመሀል ሄዶ ተመልሶ ዳር ይይዛል። እንደገና እጥፍ። እንደገና መመለስ። በታጠፈበት ሁሉ ጎንበስ ብለን አየን፤ ሁሌም አንድ ነገር ነው። ጠርዙ ተሸርፏል፣ ወይም ጉድጓድ አለ፣ ወይም ቁጥቋጦው መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ወይም ጠጠር ተከምሯል።

ሾፌሮች «ብስክሌተኛ ድንገት ይገባብናል» ይላሉ። ብስክሌተኞች ደግሞ «መኪና ገፍቶ ያስወጣናል» እንላለን። ሁለቱም እውነት ነው፣ የሁለቱም መነሻ ደግሞ ይቺው የመንገዱ ዳር ያለችው አንድ ሜትር ነች። ዳሯ ደህና ከሆነች ሰው ቀጥ ብሎ ይነዳል፣ ቀጥ ብሎ የሚነዳን ሰው ደግሞ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል። ሥራችን እሷን ማበጀት ነው።

2ኛ ቅዳሜ

ሜትር ይዘን ወጣን። አንድ ሰው ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ በእጀታው በኩል ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ ትንሽ መወላወል ስላለ 1 ሜትር ብለን ያዝን። ከጠርዙ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ የብስክሌተኛው የግራ ክንድ ከመንገዱ ቀኝ ጠርዝ 1 ሜትር ከ15 ላይ ይውላል። አልፎት የሚሄድ መኪና 1 ሜትር ተኩል ይተውለት እንበል። መኪናው ራሱ ከነመስታወቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ሲደመር 4 ሜትር ከ65። ከመንገዱ የቀረው 85 ሳንቲ ሜትር ነው።

ስለዚህ ከፊት ሌላ መኪና እየመጣ ብስክሌተኛን በደህና ማለፍ በዚህ መንገድ ላይ አይቻልም። መጠበቅ የግድ ነው። ይህን ቁጥር አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ስንስለው አብረውን ከመጡት አንዱ፣ መኪናም የሚነዳ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ ቆሞ አየው። «እኔ እኮ እንደሚበቃ ነበር የማስበው» አለ።

1 ሜትር ተኩሉን ከራሳችን አላመጣነውም። ፈረንሳይ ከከተማ ውጭ ይህንኑ ታዛለች፣ በከተማ ውስጥ 1 ሜትር። ጀርመን ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከተማ 1 ሜትር ተኩል፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ብላለች። ከከተማ ውጭ የበለጠው ፍጥነቱ ስለሚጨምር ነው፤ ትልቅ መኪና በፍጥነት ሲያልፍ ነፋሱ ብቻውን ያንገዳግዳል።

በመሀል ሳምንት

ፈቃድ። ይህን ለሚጀምር ሁሉ የምለው ነው፦ መንገዱ ባለቤት አለው፤ ሳትጠይቅ አትቆፍር፣ ቀለም አትቀባ፣ ምልክት አትትከል። ደብዳቤያችን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር ሰነበተ። በመጨረሻ ያስፈቀደን ፎቶው ነው። እያንዳንዱን ጉድጓድ ከጎኑ ሜትር ዘርግተን አንሥተን፣ ከመነሻው ያለውን ርቀት ጽፈን ነበር። «መንገዱ ተበላሽቷል» የሚል ማመልከቻ በየቀኑ ይመጣል፤ «ከድልድዩ በ340 ሜትር ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ጥልቀቱ 9 ሳንቲ ሜትር» የሚል ግን አይመጣም። ሣር ማጨድ፣ ቦይ መጥረግና ጠርዝ መጠገን ተፈቀደልን። ምልክትና ቀለም እነሱ ይሠሩታል። በሥራ ሰዓት አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስና በሁለቱም ጫፍ ሰው ማቆም ግዴታ ነው፤ ተገቢም ነው።

4ኛ ቅዳሜ

ቁጥቋጦ ስንመነጥር ዋልን። ማጭድ፣ የቅርንጫፍ መቀስ፣ አንድ የሞተር ማጨጃ። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ወዲያው ውጤቱን ታየዋለህ። አንዳንድ ቦታ አስፋልቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሣርና አፈር ሥር ተቀብሮ አገኘነው። ሙሉ፣ ያልተነካ አስፋልት! መንገዱን በአካፋ ብቻ አሰፋነው ማለት ነው። አካፋውን ጋደም አድርጎ መግፋት ነው፤ ሥሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል።

ጥፋትም አጠፋን። እሾሃማውን ቁጥቋጦ ቆርጠን ትልልቁን ቅርንጫፍ ሰበሰብንና ትንንሹን ትተን ሄድን። ሰኞ ጠዋት ሦስት ተማሪዎች ጎማቸው ተበሳ። አንዷ ልጅ ብስክሌቷን ሁለት ኪሎ ሜትር ገፍታ ክፍል አርፍዳ ገባች። ማታውኑ በመጥረጊያ ተመለስን። ጎማዎቹንም ለጠፍን፣ ይቅርታም ጠየቅን። ከእንግዲህ ደንባችን ይህ ነው፦ ያልተጠረገ ቦታ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የመጨረሻው ሰው መጥረጊያ ይዞ ካላለፈ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

5ኛ ቅዳሜ

ኩርባው። በውስጠኛው በኩል ያለው ቁጥቋጦ እይታ ጋርዶ ኖሯል። አንድ ሰው በሾፌር ዓይን ከፍታ ቁጢጥ ብሎ፣ ሌላው ብስክሌት ይዞ ወደ ኋላ እየራቀ እስኪሰወር ድረስ ለካን። 40 ሜትር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ተኩል ብንሰጠው 33 ሜትር አልፏል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያስፈልገዋል። ጠቅላላው ወደ 70 ሜትር። የሚያየው ግን 40 ነው። ወድቃ የምትነሣ ልጅ ከኩርባው ጀርባ ብትኖር ሾፌሩ ምንም ጨዋ ቢሆን፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን አይቆምም። በ60 ኪሎ ሜትር ሲሆን መቆሚያው ወደ 45 ሜትር ይወርዳል።

ቀኑን ሙሉ መንጥረን 75 ሜትር አደረስነው። ለደረቅ ቀን በጭንቅ ይበቃል። ለዝናብ ቀን አይበቃም፤ እርጥብ አስፋልት ላይ መቆሚያው በጣም ይረዝማል። ስለዚህ ኩርባው ላይ መቁረጥ ብቻ ሳይሆን ፍጥነት መቀነስም አለበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

7ኛ ቅዳሜ

ጠርዝ መጠገን ጀመርን። የዚህ ሁሉ ልብ ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

አስፋልት ከዳር የሚፈርሰው ከጎኑ የሚደግፈው ነገር ሲያጣ ነው። መጀመሪያ በጎርፍም በጎማም የመንገዱ ትከሻ፣ ማለትም ከአስፋልቱ ጎን ያለው ዳር፣ ይሸረሸራል። ከዚያ ጠርዙ እንደ መደርደሪያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ከባድ መኪና ዳር ሲወጣ ይቆርሰዋል፤ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ቀጣዩ መኪና ይጨርሰዋል። እንግዲህ የተሸረፈውን ብቻ ሞልተህ ብትሄድ በቀጣዩ ዝናብ ተመልሰህ ትመጣለህ። ድጋፉም አብሮ መሠራት አለበት።

አሠራራችን እንዲህ ነው። የተሰነጠቀውን ሁሉ በመሮና በመዶሻ እስከ ጤነኛው ድረስ እንቆርጣለን፣ ግድግዳው ቀጥ እስኪል። አፈሩን እንጠርጋለን። እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ እንጠብቃለን፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሥራውን ያበላሻል። ግድግዳውን በብሩሽ ስስ ሬንጅ እንቀባለን። ከዚያ በከረጢት የሚመጣውን፣ ሳይሞቅ የሚሠራበትን አስፋልት በ5 በ5 ሳንቲ ሜትር ደረጃ እየሞላን እያንዳንዱን ደረጃ በእጅ መደቅደቂያ እንመታለን። ድምፁ ይነግርሃል። መጀመሪያ ሲመታ የታፈነ ድምፅ አለው፤ ሲጠቀጠቅ ጠጣር ይሆናል፣ እጅህን ያነዝረዋል። ያኔ በቅቷል። የውጨኛውን ጎን በገደል አንቆርጠውም፣ ወደ ታች 30 ዲግሪ ያህል እናጋድመዋለን። ዳር የወረደ ጎማ እንዲመለስ ያግዘዋል፣ ጠርዙም ቶሎ አይሸረፍም። በመጨረሻ ትከሻውን ሹል ማዕዘን ባለው ጠጠር ሞልተን፣ ከአስፋልቱ ጋር እኩል አድርገን ጠቀጠቅን።

በቀን የሠራነው 14 ሜትር ብቻ ነው። ወገባችን ተቆረጠ። ግን በእጅህ ስትዳብሰው አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት ቦታ አያደናቅፍም፣ ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለመኪና ምንም ያልሆነ የ2 ሳንቲ ሜትር ደረጃ፣ በጎኑ ለሚያቋርጠው የብስክሌት ጎማ መውደቂያ ነው።

አንድ የጭነት መኪና የሚነዱ አዛውንት ቆመው አዩን። «ልጆች፣ እኔ እኮ ቦታ ልተውላችሁ ብፈልግም መቼ እንደምትወጡብኝ አላውቅም» አሉ። «ወደን አይደለም ጋሼ፣ ጉድጓዱ ነው የሚያስወጣን» አልናቸው። ወርደው ጎንበስ ብለው የተቆረሰውን አዩ። ከዚያ ከመኪናቸው ጓንት አውጥተው አንድ ሰዓት ከእኛ ጋር ጠቀጠቁ።

8ኛ ቅዳሜ፣ ዝናብ

መሥራት አልተቻለም፤ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ውሃው የት እንደሚቆም፣ በየት በኩል አስፋልቱን አቋርጦ እንደሚሄድ ሁሉንም በስፕሬይ ምልክት አደረግን። አብዛኛው ችግር የተዘጋ ቦይ ነው። ከትከሻው ወደ ቦይ ውሃ የሚያወጡ ትንንሽ ማፍሰሻዎች ነበሩ፣ ሣር ደፍኗቸዋል። በአካፋ አንድ ምት ስትሰጠው ውሃው እየተንደረደረ ይወጣል። በአንድ ከሰዓት 22 ከፈትን።

ድልድዩ ላይ ያለው የውሃ ማስገቢያ የብረት ክዳን ግን አስደነገጠኝ። ዘንጎቹ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ናቸው፣ በመካከላቸው ቀጭን ጎማ ሰተት ብሎ ይገባል። ጎማ ከገባ ሰውየው በመሪው ላይ ይወረወራል። ዘንጎቹ መንገዱን አቋርጠው መተኛት አለባቸው፣ አለቀ። ክዳኑን አዙረን ለመግጠም ሞከርን፣ አራት ማዕዘኑ እኩል ስላልሆነ አልገባም። ለጊዜው ተሻጋሪ ጠፍጣፋ ብረት ይበየድበት ብለን አመልክተናል። እስከዚያው ዙሪያውን ቀለም ቀቡልን።

10ኛ ቅዳሜ

የጠጠሩ ክፍል። እዚህ ችግሩ ሌላ ነው። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቧል። ብስክሌት ላይ ሆነህ ጥርስህ ይንገጫገጫል፣ እጅህ ይደነዝዛል፣ ፍሬን ስትይዝ ጎማው ከሞገድ ሞገድ እየዘለለ መሬት አይነካም።

ብዙ ሰው የመኪና ሞላ ነው የሚያመጣው ይላል። የፊዚክስ ተመራማሪዎች በ2007 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጎማ በሚሽከረከር የአሸዋ ሰሌዳ ላይ አስሮጠው ሲያዩ፣ ሞላ በሌለው ጎማም ሞገዱ ይፈጠራል። ወሳኙ ፍጥነት ነው። ከተወሰነ ፍጥነት በታች አሸዋው ለጥ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ በላይ ይሸበሸባል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ፍጥነት መቀነስ፣ ጠጠሩንም በደንብ ማያያዝ።

ከዚህ በፊት ይህንኑ ቦታ የሞገዱን ጫፍ ብቻ በትራክተር ምላጭ ላጭተው ነበር። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ላዩ ተላጭቶ ጎድጓዳው በልል ጠጠር ይሞላና ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ይመለሳል። እኛ ከጎድጓዳው ሥር ድረስ ቆርጠን፣ ሁሉንም አገላብጠን፣ በዝናቡ ማግስት ገና እርጥበት እያለው ጠቀጠቅነው። የጨመርነው ጠጠር ከወንዝ የሚመጣው ክብ ድንጋይ አይደለም፤ ክብ ድንጋይ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ ጎማ ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል። የተፈጨ፣ ሹል፣ ከደቃቅ ሸክላማ አፈር ጋር የተደባለቀ መሆን አለበት። መሀሉን ከፍ አደረግነው፣ በየ1 ሜትሩ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ዳር እንዲወርድ። ውሃ መንገድ ላይ ካልቆመ ግማሹ ሥራ አልቋል።

በዳሩ በኩል አንድ ሜትር ያህል በተለየ ጥንቃቄ በእጅ መደቅደቂያ ደግመን መታን። መኪና ጠጠሩን ወደ ዳር እየገፋ ይከምረዋልና በየሁለት ሳምንቱ በመጥረጊያ መልሰን እንበትናለን። ተራ አውጥተናል።

11ኛ ሳምንት፣ ስብሰባ

ከሁለቱ መንደሮች ሰዎች፣ ሾፌሮች፣ ወላጆች፣ የመንገዱ ባለቤት ተወካይ። ጥያቄው ፍጥነት ነበር። አንዳንዱ «ቀለም ቀቡና የብስክሌት መስመር አድርጉት» አለ። እኔ ተቃወምኩ። የተቦረቦረ ጠርዝ ላይ መስመር መቀባት ሰውን ወደ ጉድጓዱ መጥራት ነው። መጀመሪያ ጠርዙ፣ ከዚያ ቀለሙ።

ጠርዙ ባለቀበት ክፍል ግን የምወደው ሐሳብ አለ። ዴንማርኮች «2 ሲቀነስ 1» ይሉታል፤ ኔዘርላንድም ተመሳሳይ ነገር በገጠር መንገዶቿ ላይ ብዙ አለ። በመሀል ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ የመኪና መስመር ብቻ ይኖራል፣ በግራና በቀኝ በተቆራረጠ መስመር የተለየ ሰፊ ዳር። ሁለት መኪና ሲገናኝ ዳር ይወጣሉ፣ ግን ብስክሌተኛ ካለ ከኋላው ጠብቀው። በእኛ 5 ሜትር ተኩል ላይ 3 ሜትር ለመሀል፣ 1 ሜትር ከ25 ለየዳሩ ይደርሳል። መኪና የማይበዛበት፣ እይታው ጥሩ የሆነ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ለኩርባው አይሆንም። ለቀጥታው ክፍል ተወካዩ ሊያጠኑት ተስማሙ። ፍጥነቱም ወደ 60 እንዲወርድ ጠይቀናል። ኔዘርላንድ ለእንዲህ ዓይነት የገጠር መንገድ የምታዘው እሱን ነው።

አንዲት እናት «ከኩርባው በፊት ጉብታ ይሠራ» አሉ። ልክ ናቸው። የጉብታው ቅርጽ ላይ ብቻ ተከራከርን። ጠርዙ ሹል የሆነ ጉብታ ብስክሌተኛን ይወረውራል፣ ቀስ ብሎ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚወርድ ግን ምንም አይለውም። ዳር ላይ ለብስክሌት ክፍተት ይተው የሚለውን አልደገፍኩም፤ መኪናም አንድ ጎማውን ለማሳለፍ ወደዚያው ይሳባል፣ ጠጠሩም እዚያው ይከማቻል።

መንገድ ዳር የሚቆረጠው ሻካራ መስመርም ተነሣ፣ ያንቀላፋ ሾፌርን በድምፅ የሚያነቃው። ለብስክሌት መከራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየ12 እስከ 18 ሜትሩ ወደ 3 ሜትር ተኩል ክፍተት ይተው ይባላል፣ ብስክሌተኛ ወጥቶ እንዲገባ። ዳሩ ጠባብ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል።

በእረፍት ሰዓት አንድ ወጣት «መንገድ የሚሠራው ለመኪና አይደል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪና ገና ሳይስፋፋ ለመንገድ የጮኹት ብስክሌተኞች ናቸው። በ1880 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የብስክሌተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1892 ለጥሩ መንገድ ብቻ የሚሟገት መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። እንግሊዞቹ ብስክሌተኞች ደግሞ በ1886 የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ይህን ስነግረው ደስ ብሎት ሄደ። በማግሥቱ ቅዳሜ አካፋ ይዞ መጣ።

13ኛ ቅዳሜ

አንጸባራቂ ምሰሶዎች ኩርባው ላይ ተተከሉ፣ የ60 ምልክቱም። ለተማሪዎቹ ለፔዳላቸው አንጸባራቂ አደልን። ከሌላው ሁሉ የፔዳሉን መረጥን፤ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሰው ብስክሌት እየነዳ መሆኑን ያውቃል። የድልድዩ ክዳንም ተበየደ። በጎማዬ ብቻ አላመንኩም፣ በቀጭን ጎማ ብስክሌትም አስመላለስኩበት።

ከጠርዙ የተወሰነውን ጨርሰናል፣ ገና ብዙ ይቀረናል።

14ኛ ቅዳሜ

ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ጭቃው ላይ እንደ መጀመሪያው ቀን አሻራ ነበር፣ አንድ አይደለም፣ ሦስት አራት። ከመንደሩ መውጫ ጀምሮ ተከተልኳቸው። ዳሩን ይዘው ቀጥ ብለው ሄዱ። የጠገንነውን አለፉ፣ ድልድዩን አለፉ፣ ኩርባውን ዞሩ፣ አንድም አልታጠፈም። ቆሜ ረጅም ጊዜ አየሁት፣ ፎቶም አነሣሁ።

ከኩርባው 200 ሜትር ካለፉ በኋላ፣ ገና ያልደረስንበት ክፍል ላይ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ወደ መሀል እጥፍ ይላሉ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ጥልቀቱ 7፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ዙሪያውን በጠመኔ ከብቤ ሌሎቹ እስኪመጡ መጥረግ ጀመርኩ።